አይዞህ ባክአፕ አይሆንም

የዳታቤዝ ሰዎች ቶሎ ይግባባሉ። አንዱ ካራቺ፣ አንዱ ቶሮንቶ፣ ሌላው አዲስ አበባ ይቀመጥ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚጮኸውን ስልክ፣ «እኔ ምንም አልነካሁም» የሚለውን ፕሮግራመር፣ ዌር (የቱ ይጥፋ የሚለው ገደብ) ሳይጻፍበት የተለቀቀውን ዲሊት ሁሉም ያውቀዋል። ቀልዳቸውም የሚቀዳው ከዚሁ ነው። ኤክስኬሲዲ የተባለው የካርቱን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው፣ ልጇን የተማሪዎችን ሰንጠረዥ በሚያጠፋ ትእዛዝ የሰየመች እናት ታሪክ ዛሬም አዲስ ዲቢኤ (የዳታቤዝ አስተዳዳሪ) በተቀጠረ ቁጥር ይላክለታል። አንዱ ጨንቆት «ሰርቨሬ ወደቀ» ሲል ደግሞ ዓይኑን አይተውት የማያውቁ ሰዎች የያዙትን ጥለው ይረባረቡለታል። ለዚህ ወዳጅነት ብዙ ምስጋና ተጽፎለታል፤ ይገባዋልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይህ ወዳጅነት ማጽናናቱን ተክኖበት መጠየቁን ትቶታል። አልፎ ተርፎም የሚጠይቀውን ሰው እንደ ጨካኝ ያየዋል።

ልማዱ አደባባይ የወጣበትን ቀን ላስታውስ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ነው። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትላብ ዳታቤዝ ያን ዕለት በስፓም ጫና ተጨናንቆ ተጠባባቂው ሰርቨር ከዋናው ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሲታገለው ያመሸ አንድ መሐንዲስ ተጠባባቂውን ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ሊሞላው አሰበና የማጥፊያውን ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙን የሰጠው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ሆኖ ነበር። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ሆኖም 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው መረጃ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር።

ኩባንያው አልደበቀም። የጥገናውን ማስታወሻ ለማንም ክፍት አደረገው፤ ሥራውንም በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቁጭ ብለው አዩ። ትዊተር ላይ «ሃግኦፕስ» ይጎርፍ ጀመር፤ የሰርቨርና የዳታቤዝ ሠራተኞች በክፉ ቀን አይዞህ እየተባባሉ የሚተቃቀፉበት መለያ ነው። «ሁላችንም ላይ ደርሷል»፣ «በርታ ወንድሜ»፣ «ዛሬ ቢራው በእኔ ነው» ዓይነት ነገር። ደግ ነው። መሐንዲሱም ከሥራ አልተባረረም፤ ይህም ደግ ነው።

ቆይቶ የወጣው ዝርዝር ዘገባ ግን ከእቅፉ ሁሉ በላይ ሊነበብ የሚገባው ነበር። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ (የባክአፕ) መንገድ ነበራቸው፤ በዚያች ሌሊት እንደታሰበው የሠራ አንድም አልተገኘም። የዕለቱን ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም የፖስትግሬስ ሶፍትዌር 9.2 ስሪት ነበር፤ ዳታቤዙ ግን 9.6፤ ስለዚህ ሥራው ይከሽፋል። መክሸፉን የሚያሳውቅ ኢሜይል ይላካል፤ ኢሜይሉ ግን የላኪነት ማረጋገጫ ስለሚጎድለው ተቀባዩ ይመልሰዋል። ባክአፑ ይጠራቀምበታል የተባለው የአማዞን ማከማቻ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቤቱን ያተረፈው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተነሳ ቅጂ ነው። በአጋጣሚ ማለት ነው። አገልግሎቱ እስኪመለስ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በመካከሉ የገባው መረጃ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶችና አስተያየቶች ጭምር፣ ሳይመለስ ቀረ።

ዘገባው ራሱን እየጠየቀ ይወርድና አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል፦ ባክአፑ በየጊዜው ለምን አልተፈተነም? መልሱ አጭር ነው። የእኔ ነው የሚል ሰው ስላልነበረ ማንም ኃላፊነቱን አልወሰደም። እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የደከመ ሰው መሳሳቱ ሳይሆን ማንም በሩን ከፍቶ ያላየው ባዶ ማከማቻ ነው ወሬ መሆን የነበረበት። በየውይይቱ ሲዘዋወር የከረመው ግን የተሳሳተው ጣት ነው። ጣት ያሳዝናል፣ ጣት ያስቃል፤ ባለቤት የሌለው ባክአፕ ግን ለቀልድም ለእንባም አይመችም።

«ሁላችንም ላይ ደርሷል» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ችግሩ እውነት ሆኖ ወሬውን መዝጋቱ ነው። እንዲህ ከተባለ በኋላ «ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ባክአፑን መልሰህ (ሪስቶር አድርገህ) ያየኸው መቼ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሐዘንተኛ ላይ እንደመጮህ ይቆጠርበታል።

መልሳቸውን አውቀዋለሁ። «ሰው መውቀስ ሥርዓት አያቃናም» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ጆን ኦልስፖ ኤትሲ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ውስጥ ይሠራ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ አስፍቶ ጽፎታል፤ ብዙ ኩባንያም ተከትሎታል። ነገር ግን ያ ሐሳብ ውል ነው። ሠራተኛው አይቀጣም፤ በፋንታው ያየውን፣ የመሰለውን፣ የነካውን አንድ ሳያስቀር ይናገራል። ምሕረቱ የሚሰጠው ዝርዝሩን ለማግኘት ነው። እኛ ግን ከውሉ ምሕረቱን ወስደን ዝርዝሩን ተውነው። ማንንም አትውቀስ ማለት ምንም አትጠይቅ ማለት ሆኖ አረፈው።

አይዞህ ማለት ለእኛ ሰው ማን ያስተምረዋል! ሆኖም እድር ያለው አገር ሰው ልዩነቱ ሊገባው ይገባ ነበር። እድር ለቅሶ መድረስ ብቻ አይደለም። መዝገብ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳኑ የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ወንበር እንደተሰበረ የሚያውቅ ዕቃ ያዥ አለው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው ሳይሞት ነው። የዳታቤዝ ሰዎች ወዳጅነት ግን ለቅሶ ደራሽ ሆኖ ቀርቷል፤ ሲመጣ ያለቅሳል፣ ድንኳኑን የሚያስታውሰው ዝናብ ሲጥል ነው።

ጉዳቱም በአደጋ ቀን አያበቃም፤ በዘወትር ሥራም ሳይጠየቅ የሚወረስ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የሠራ ሰው ሁሉ 5ን እና 30ን ያውቃል፦ ኢንዴክስ (የዳታቤዙ ማውጫ) ከ5 እስከ 30 በመቶ ከተበታተነ አደራጀው፣ ከ30 በመቶ ካለፈ እንደገና ገንባው። ለዓመታት በኩባንያው መመሪያ ላይ ተጽፎ ኖሯል። ከየት መጣ? ፖል ራንዳል ማይክሮሶፍት ውስጥ በዚሁ ክፍል ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ሰዎች ቁጥር ስጡን ስላሉ እንደ መነሻ ያስቀመጣቸው እሱ መሆኑን፣ ሁሉም በራሱ ሲስተም ላይ ፈትኖ እንዲወስንም ይፈልግ እንደነበር በግልጽ ጽፏል። ሰውየው ተናግሯል፤ ሰሚው ነው የጠፋ። ቁጥሮቹ የወጡት በሚሽከረከር ዲስክ ዘመን ነው፤ የተበታተነ መረጃ ለመልቀም የዲስኩ ክንድ ወዲያ ወዲህ ሲል ጊዜ ይፈጅ ነበር። የሚሽከረከር ነገር በሌለው ኤስኤስዲ ላይ ያ ችግር እጅግ ቀሏል። ይህም ሆኖ በየሌሊቱ የሚገነባው ኢንዴክስ ስንት እንደሆነ እግዜር ይቁጠረው።

ልማዱ እንዴት እንደሚተላለፍ ተመልከቱ። አዲስ የተቀጠረ ልጅ «ሲስተሙ ቀርፋፋ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ደግ ሰው ስክሪፕት ይልክለታል፤ «እኔ ይሄን ነው የምጠቀመው፣ ግሩም ነው»። ልብ የተሳለበት ምስጋና ይከተላል። የትኛው ጥያቄ ነው የዘገየው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለማን ነው የዘገየው የሚል የለም። ልጁ ስክሪፕቱን ቅዳሜ ማታ ይለቀዋል። ኢንዴክስ ሲገነባ ሎጉ (የለውጦች መዝገቡ) ያብጣል፤ ሎጉ ሲያብጥ የሎግ ባክአፑ ያብጣል፤ ያበጠው ባክአፕ ወደ ሁለተኛው ማዕከል የሚወስደውን ቀጭን መስመር ያንቀዋል። ሰኞ ጧት ቀርፋፋው ሪፖርት እንደቀረፈፈ ነው። ልጁም ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሌላ ልጅ ያንኑ ስክሪፕት ይልካል። ክፉ ሰው በመካከላቸው የለም። ሁሉም ቸር ነው።

ስለ ሌሊቱ ስልክም ልናገር፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ እህቱን የሚድር ልጅ ፎቶ ለጠፈ። ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ላፕቶፑን ቢራ ጠርሙስ በሞላበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከባንኩ ሰርቨር ጋር ይታገላል። ከኋላው ሰው እስክስታ ይወርዳል። ኢንተርኔቱን የሚያገኘው ከስልኩ ነው፤ ስልኩን ደግሞ ቻርጅ እንዳያልቅበት ከድምፅ ማጉያው ማከፋፈያ ላይ ሰክቶታል። ሳቁ፣ ጭብጨባው፣ እሳቱ በየዓይነቱ ጎረፈለት። «ጀግና»፣ «የዲቢኤ ሕይወት»፣ «እኔ በልጄ ክርስትና ላይ»፣ «ይቺ ምን አላት፣ እኔ መቃብር ላይ»። ውድድር ሆነ። «ምትክህ ማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ዝም አሉ። ቆይቶ አንዱ «ወንድሜ ደስታውን አትበጥብጥ» አለኝ።

ደስታው የማን እንደሆነ አልገባኝም። ለባንኩ ግን ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ለሁለት ሰው ሥራ፣ በአንድ ደመወዝ፣ በበዓልም በሐዘንም ይጠራል፤ ቢማረር ጓደኞቹ ስቀው ያበርዱታል። ሁለተኛ ሰው ይቀጠር ብሎ ከአለቃው ጋር የሚጨቃጨቅበትን ንዴት ቀልድ አድርጎ አውጥቶታል፤ ነገ ቢሮ ሲገባ የቀረው ንዴት ለጭቅጭቅ አይበቃም። አሠሪ ለዚህ አገልግሎት ይክፈል ቢባል ስንት ይከፍል ነበር? በነፃ አገኘው። ጀግንነት የሚባለውም ነገር ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ ሥራው በወረቀት ያልሰፈረ፣ የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ያለ መሆኑ ነው። ያ ሰው ነገ ዱባይ ሥራ ቢያገኝ ወይም ታሞ ቢተኛ ጀግንነቱ አብሮት ይሄዳል።

አገራችንም ለመጠየቅ ጥሩ አጋጣሚ አግኝታ ነበር። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ መፍቀድ ጀመረ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዳረሰ፤ ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ተያዘ፤ በማግስቱ ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ዘጋ። አላግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። አገሩ ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ቀለደ፤ ሕዝብ ነውና ይቀልድ። እኛ ግን የሙያው ሰዎች ነን። እኛም ቀለድን። ቀልዱ ሲያልቅ «ምስኪን ልጆች፣ ዛሬ እንቅልፍ የላቸውም» ብለን ለሥራ ባልደረቦቻችን አዘንን። የጥቃት ሥራ ካልሆነ ሲስተሙ ላይ የተደረገ ለውጥ ነበር ወይ? ከነበረስ መጀመሪያ የተሞከረው በምን ዓይነት የሙከራ ሲስተም ላይ ነበር? ወደ ኋላ መመለሻው ተዘጋጅቶ ነበር ወይ? ቀሪ ሒሳብ ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚጮህ ደወልስ? ይህን ጮክ ብሎ መጠየቅ የሚያምርብን እኛ ነበርን፤ ጋዜጠኛ አያውቀውም፣ ተማሪ አያውቀውም። በውስጥ ያሉትን ልጆች የሚጠቅማቸውም ይኸው ነበር፤ ለሙከራ የሚሆን ሰርቨር ግዙልን ብለው ሲለምኑ የከረሙ ካሉ ጥያቄያችን ምስክር ይሆናቸው ነበር። ሐዘኔታችን ግን ምንም አልጨመረላቸውም።

በቅርቡ በዚያው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ፣ ሠርገኛው ባለበት፣ ሌላ ነገር ሞከርን። ማንም ስለ ባክአፑ ሲያወራ አራት ነገር አብሮ ይጻፍ ተባለ፦ መጨረሻ ሪስቶር የተደረገበት ቀን፣ የተደረገበት ማሽን፣ የፈጀው ጊዜ፣ አጠገቡ ሆኖ ያየ ሰው። ባክአፑ «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ፎቶ መለጠፍ አይቆጠርም። መጀመሪያ ላይ ቡድኑ ጭር አለ። ጥቂት ሰዎች ወጡ፤ አንዱ ሲወጣ «እዚህ የመጣሁት ለመዝናናት ነው፣ ኦዲተር ቢሮ አለኝ» ብሎ ነው።

ከዚያ አንዱ ጻፈ። ከሚሠራበት ባንክ ትርፍ ሰርቨር ለምኖ አግኝቶ ሙሉውን ዳታቤዝ ሪስቶር ማድረግ የጀመረው ዓርብ ከሥራ በኋላ ነበር። ባንኩ ለቦርዱ ባቀረበው የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ላይ ሁሉም ነገር በሁለት ሰዓት ይመለሳል ይላል። የእሱ ሪስቶር በማግስቱ ለምሳ ሰዓት ገና 60 በመቶ ላይ ነበር። ከቡድኑ ውስጥ አይዞህ ያለው የለም፤ የዲስኩን ፍጥነት፣ የፋይሎቹን ብዛት፣ ባክአፑ መጨመቅ አለመጨመቁን ጠየቁት፤ ሲመሽ ግማሹን ምክንያት አገኙለት። ሰኞ ቁጥሩን በወረቀት አድርጎ ለአለቃው ሰጠ። አለቃው አሁን በዕቅዱ ላይ «ሁለት ሰዓት» ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ እያፈላለገ ነው።