የባሕሪ ድስትና የስብሰባው ጸሐፊ
(ሙግት)

መሣሪያው ይግባ

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲፈነዳ የካርቱም ጎረቤት የሆነችውን የባሕሪ ከተማ ሕዝብ በሕይወት ያቆዩት የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች የሚባሉት የበጎ ፈቃደኞች ስብስቦችና ተኪያ የሚሏቸው የጋራ ማዕድ ቤቶች ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ሥራ ግማሹ ማብሰል፣ ግማሹ ስብሰባ ነው፤ ስንት ገንዘብ ገባ፣ ስንት ኪሎ ምስር ተገዛ፣ ነገ የትኛው ድስት ይጣዳል። ጸሐፊው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱ ሲሰደድ ደብተሩም ይሰደዳል፣ ቤቱ ሲዘረፍም አብሮ ይጠፋል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው መሣሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የተባለው በዕለቱ ተጽፎ ተሰዶ ካይሮም አዲስ አበባም ላለው አባል ይደርሳል፤ ገንዘብ የሚልከው እሱ ነውና ምን እንደተወሰነ የማወቅ መብት አለው።

የምግብ ይዘት መፈለጊያውም እንዲሁ ነው። ፉድዳታ ሴንትራል የተባለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ለማንም በነጻ የተከፈተ ነው። 100 ግራም ጥሬ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን እንደያዘ ከዚያ ያገኘ አብሳይ፣ 10 ኪሎ ምስር ለ200 ሰው ሲከፈል ለአንዱ 12 ግራም ገደማ እንደሚደርስ ያሰላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ደግሞ በቀን 50 ግራም ያህል ይሻል። ማዕድ ቤቱ እንግዲህ ረጂውን «ምግብ አነሰን» ከማለት አልፎ «የፕሮቲኑን ሩብ ብቻ ነው የምንሸፍነው» ይለዋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ገደማ መስመር ሲጠፋ በንካክ በተባለው የባንክ መተግበሪያ ገንዘብ መቀበል ቀረና የባሕሪ ማዕድ ቤቶች ድስታቸውን አወረዱ። ሆኖም ኦፕንኤአይ በ2015 ዓ.ም. መስከረም በነጻ የለቀቀው ዊስፐር የተባለው ንግግር ወደ ጽሑፍ ቀያሪ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ መስመር ይሠራል፤ ድምፅን ወደ ውጭ መላክ ግድ አይደለም። የምስሩም ቁጥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ደብተሩ ይቆይ

ተሟጋቼ ስለ ድስቱ የሠሩት ሒሳብ ልክ ነው። ልክ የሆነው ግን «ጥሬ» የሚለውን ቃል ስላልዘነጉ ነው። እዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲን ብቻ አለው፣ ውሃ ስለጠጣ፤ መስመሩን ያሳሳተ ሰው ሒሳቡ ሦስት እጥፍ ገደማ ይዛነፍበታል። የእኛው ጤፍም ምስክር ነው፤ ብረቱ በዛ ከተባለለት ውስጥ ብዙው በሬ ሲያበራየው ከአውድማው የተቀላቀለ አፈር መሆኑን፣ ሰውነትም አብዛኛውን እንደማይወስደው ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ይህን ግን ልለፈው፤ በምስር የተሳሳተ ነገ ያርመዋል።

የማይታረመው የስብሰባው ነው። የዊስፐር ሠሪዎች ራሳቸው መጀመሪያ ባወጡት መለኪያ አማርኛ ላይ የቃላት ስሕተቱ ከመቶ በመቶ አልፏል፤ መሣሪያው ያልተባለ ቃል ስለሚጨምር፣ ጭማሪውም እንደ ስሕተት ስለሚቆጠር። እንግሊዝኛ ላይ እንኳ በ2016 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ከ100 ቅጂ በአንዱ ገደማ ጨርሶ ያልተነገረ ሐረግ ገብቶ አግኝቷል። ባሕሪ ውስጥ ኢትዮጵያዊና ሱዳናዊ ጎን ለጎን ተቀምጠው አማርኛና የሰፈር አረብኛ ሲያፈራርቁ ደግሞ ምን ሊጻፍ እንደሚችል አስቡት። የሚያስፈራኝ የተንኮታኮተ ጽሑፍ አይደለም፣ እሱን ሰው ይጠራጠረዋል፤ የሚያስፈራኝ አንብበው የሚያምኑት የጠራ ዐረፍተ ነገር ነው። የምላሽ ክፍሎቹ በጎ ፈቃደኞች በሁለቱም ተፋላሚዎች ታስረዋል። በዚህ ቦታ «ዱቄቱን በእነእገሌ ኬላ አሳለፍነው» የሚል አንድ መስመር፣ ተባለም አልተባለም፣ ሰው ያሳስራል። ድምፁ ወደ ውጭ ባይላክም የተቀዳው ስልክ ላይ ነው፣ ስልክም ኬላ ላይ ይፈተሻል። ጸሐፊ ምን መዝለል እንዳለበት ያውቃል፤ መሣሪያው የሰማውንም ያልሰማውንም ይጽፋል።

ውጭ ያለው አባል ማወቅ አለበት የሚለው ክርክር ከባድ ነው፣ አልሸሸውም። መንገዱን ግን እድርተኞቻችን ያውቁታል፤ ቃለ ጉባኤው ሰው ሳይበተን ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ያልተስማማ ያቃናል፣ ከዚያ ይጸድቃል። ለካይሮና ለአዲስ አበባ የሚላከው ይህ የተነበበው ገጽ ነው፤ ገቢው፣ ወጪው፣ ኪሎውና ቀኑ፣ የማንም ስም ሳይሰፍርበት።