አገር ሰላም?

ከጎንደር የወጣሁት ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። ብቻዬን፣ በእግሬ። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። የሲራራ ነጋዴዎች ወደ ባሕር የሚወርዱበትን መንገድ እስከ ደጋው ጫፍ ድረስ በገዛ እግሬ ማወቅ እፈልግ ነበር።

የጎንደር ነጋዴ ወገራን አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ምጽዋ ይገባ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1769 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ያንኑ ገደል ወጥቶ የካቲት 1770 ጎንደር ደረሰ። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊም በ1966 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከምጽዋ በእግሯ ተነሥታ፣ ኋላም በቅሎ እየሳበች ስሜንን አቋርጣ እስከ አዲስ አበባ ዘልቃለች። ዛሬ በዚህ ጎዳና ላይ ባሕር የሚለው ስም የቀረው ዳር ዳሩን በቆመው ባሕር ዛፍ ላይ ብቻ ነው።

ከአምባ ጊዮርጊስ እልፍ ብሎ አንድ አውድማ አለ። በሬዎቹ ገብሱን ያበራያሉ፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ሽማግሌ መንሻቸውን ተደግፈው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አገር ሰላም?»

«ሰላም ነው አባቴ» ብዬ ላልፍ ስል አልለቀቁኝም። «ጎንደር ሰላም ነው? ታቦቱ በሰላም ገባ? ኮሶዬ ላይ ምን አየህ?»

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ የተባባልነው ሰላምታ ለካ ጥያቄ ነው። መልስ ይፈልጋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚመሰክርለት ስለሌለ፣ ሽፍታ ይሁን ደኅና ሰው የሚለየው በመልሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለፍኩበትን ሁሉ ለሚጠይቀኝ ሰው ብዬ አየሁት፤ የገበያውን ዋጋ፣ የታመመውን በሬ፣ የተዘረጋውን ድንኳን።

ዳባት ያደርኩበት ቤት እመቤት እግሬን በሙቅ ውኃ እያጠቡ «መኪና እያለ ምነው ራስህን ቀጣህ? ስለት ነው?» አሉኝ። አይደለም ብል አላመኑኝም።

በአራተኛው ቀን ደባርቅ ስደርስ አላቆምኩም። ከተማውን አልፌ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው ጥምዝምዝ መንገድ ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ። ጉልበቴ የከዳኝ እዚያ ነው፤ ተቀመጥኩ። «እንኳን ደኅና ገባህ» የሚለኝ ሰው አለመኖሩ እንደዚያ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጥቂት ቆይቶ በግ የሚጠብቅ ልጅ መጣና «ጋሼ፣ አገር ሰላም?» አለኝ። ከጎንደር ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እኔ ያን ጉዞ የጨረስኩት ለዚያ ልጅ ነግሬ ስጨርስ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ገባ፤ በወረዳው ጭና በተባለ ቦታ ሲቪሎች ተጨፈጨፉ። ያንን አውድማ፣ ያንን ልጅ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ያ ቁስል ሳይሽር ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ውስጥ ገባ።

መኪና ታጅቦ ሲያልፍ «መንገዱ ተከፈተ» ይባላል። አልስማማም። መንገድ ተከፈተ የምለው አንድ ሰው በትሩን ይዞ፣ ቆሎውን ቋጥሮ፣ ብቻውን ከጎንደር ደባርቅ ሲገባና የሚያገኘውም ሰው ሳይፈራው ሲጠይቀው ነው። ለባለሥልጣኑም ለታጣቂውም የምለው ይኸንኑ ነው።

ለዳባቷ እናቴ በየበዓሉ እደውላለሁ። ባለፈው «እንደገና በእግሬ ልመጣ ነው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «በመኪናም አትምጣ ልጄ» አሉኝ። «ትንሽ ቆይ።»