ሽቦው ሲሞቅ ይረግባል

አንዳንዶቻችን «ሽቦው እኮ ሩቅ ነው» እያልን ከትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ባሕር ዛፍ እንተክላለን። ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ እንነጋገር።

በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። ፀሐይም ታክልበታለች። ሽቦ ሲሞቅ ይረዝማል። ሲረዝም ይረግባል፤ ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ጠዋት ያየነው ርቀት የቀትሩ ርቀት አይደለም።

ወፍጮ ሲበዛ፣ ከተማ ሲሰፋ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ታዲያ በዚያው ሽቦ ላይ ዝም ብሎ መጫን ይቻላል? አይቻልም። አህያ እንኳ የምትችለው ጭነት አላት።

አሜሪካ አገር የሆነውን እንስማ። ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. ኦሃዮ በሚባል ግዛት ሽቦ ረግቦ ዛፍ ነካ። ዛፉ በጊዜው አልተቆረጠም ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ ጭነቱ በሌሎቹ ላይ ወደቀ። እነሱም ሞቁ፣ ረገቡ፣ ተቋረጡ። በመጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት አጣ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ባለሙያዎች ጭነት የሚጨምሩት እንዲህ ነው።

1ኛ. ነፋሱንና ሙቀቱን ይለካሉ። ነፋስ ሽቦውን ያበርዳል። ሲነፍስ ይጨምራሉ፤ ነፋሱ ሲቆም ይቀንሳሉ።

2ኛ. ሽቦውን ይለውጣሉ። የተለመደው ሽቦ ውስጡ ብረት፣ ውጪው አሉሚኒየም ነው። አሁን በብረቱ ፈንታ ካርቦን የገባበት ሽቦ አለ። ሲሞቅ ብዙ አይረግብም። በዚያው ምሰሶ ላይ እጥፍ የሚጠጋ ሊሸከም ይችላል።

3ኛ. ምሰሶውን ከፍ ያደርጋሉ።

የእኛስ ድርሻ? ባሕር ዛፍ ገንዘብ ነው፤ እናውቃለን። ግን ከመስመሩ ሥር አንትከለው። ቤት አንሥራ፤ ጭድ አንከምር። ትልቅ ኤሌክትሪክ ሳይነኩት እንኳ ዘሎ ይገድላል። ዛፍ ወደ ሽቦው ከተጠጋ ራሳችን አንቁረጥ፤ ለመብራት ኃይል ሠራተኞች እንንገር። የወደቀ ሽቦ ካየን እንራቅ፤ ልጆችንና ከብቶችንም እናርቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

እንጠያየቅ፦
ሽቦ ለምን ይረግባል?
ነፋስ ለመስመሩ ምን ይጠቅማል?
በቀበሌያችን ከመስመር ሥር የተተከለ ዛፍ አለ?