ሲክል ሴል ላለበት ልጅ የአጥንት ስካን ሲታዘዝ

ሰሞኑን አንዲት አያት ደወሉልኝ። ልጃቸው የምትኖረው አሜሪካ ነው። «የልጅ ልጄን ኑክሌር ሊሰጡት ነው አሉኝ፤ ነቀርሳ ሆኖ ነው?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጁ ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ችግር አለበት፤ ጭኑን አመመኝ ማለት ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ስካን መታዘዙ ብቻውን ነቀርሳ ማለት እንዳልሆነ ነገርኳቸው። የቀረውን ለእናንተም ላካፍል።

በሲክል ሴል ቀይ የደም ሴሎች ኦክስጅን ሲያንሳቸው ክብነታቸውን ትተው ማጭድ ይመስላሉ። ጠጣርና ተጣባቂ ስለሚሆኑ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ፤ ደም ያልደረሰው የአጥንት ክፍል ይጎዳል፣ ይሞታልም። ከባዱ ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። የሚወረሰው ከእናትም ከአባትም ሲሆን ሁለቱም ምንም ሳያማቸው ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። (ስለዚህ «የማን ወገን አመጣው?» የሚለው የቤተ ዘመድ ክርክር ለልጁ አይጠቅምም።) በደጋው አገራችን እምብዛም ስለማይታይ ብዙዎቻችን አናውቀውም። ወባ በሚበዛባቸው የምዕራብ ቆላ አካባቢዎች ግን አለ።

ክፋቱ፣ የተጎዳው አጥንት ለጀርምም ይመቻል። በተለይ ሳልሞኔላ፣ የታይፎይድ ጀርም ዘመድ፣ የእነዚህን ልጆች አጥንት ይወዳል። የደም እጥረቱም ሆነ ኢንፌክሽኑ እግር ያሳብጣሉ፣ ትኩሳት ያመጣሉ፣ ያስለቅሳሉ። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው፦ ለአንዱ ፈሳሽ፣ ማስታገሻና እረፍት፤ ለሌላው ሳምንታት የሚወስድ አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና። ሐኪሙ የአጥንት ስካን ከሚያዝባቸው ምክንያቶች አንዱ ሁለቱን ለመለየት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር አጥንት ከሚስበው መድኃኒት ጋር ተዋህዶ በትንሽ መጠን በደም ሥር ይሰጣል። መጠኑ በልጁ ክብደት ይወሰናል። ወዲያው ጥቂት ምስሎች ሊነሱ ይችላሉ፤ ዋናው ምስል ግን ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ነው። ካሜራው ራሱ ጨረር አይለቅም፤ ከልጁ ሰውነት የሚወጣውን ነው የሚቀበለው። የቴክኒሺየሙ ኃይል በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ16 አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በተጨማሪ ብዙው በሽንት ይወጣል።

በእኔ በነርሷ ዓይን ወሳኙ ያ የመጠበቂያ ሰዓት ነው። ልጁ በደንብ ይጠጣ፤ ሲክል ሴል ያለበት ልጅ ውሃ ከጎደለው ሕመሙ ይብስበታል። ምስሉ ሊነሳ ሲል ሽንቱን ይሽና፤ ፊኛው ከሞላ የዳሌውን አጥንት ይሸፍናል። የስካን ክፍል ብዙ ጊዜ ስለሚቀዘቅዝና ብርድ ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ ብርድ ልብስ ያዙ። ሳይንቀሳቀስ መተኛት ስላለበት ማስታገሻውን መቼ እንደሚወስድ ቀድማችሁ ጠይቁ። በሽታውንና ደም ተሰጥቶት ከሆነ ስንት ጊዜ እንደሆነ ለባለሙያው ንገሩ። ታላሴሚያ ያለባቸውና ደም ደጋግመው የሚወስዱ ልጆች ሰውነት ውስጥ ብረት ይከማቻል፤ ይህም ምስሉን ሊለውጠው ይችላል። ዳይፐር የምትቀይሩ እጃችሁን ታጠቡ።

ወረቀቱን ስትቀበሉ «የራስ ቅሉና ረጃጅም አጥንቶቹ ደምቀዋል» የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ቶሎ ቶሎ የሚያልቀውን ደም ለመተካት መቅኒው ሌት ተቀን ስለሚሠራ ነው። ጣፊያውም አጥንት ይመስል ሊደምቅ ይችላል፤ በሲክል ሴል ደጋግሞ ስለሚጎዳ ካልሲየም ይይዛል። ማንበቡን ለሐኪሙ ተዉት።

ስካኑ ግን የበሽታ ስም አይናገርም። የሚያሳየው አጥንቱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ነው። ደም የተቋረጠበት ቦታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደብዝዞ ይታያል፤ መዳን ሲጀምር ያው ቦታ ይደምቃል። ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ይደምቃል፤ አንዳንዴ ደግሞ እሱም ይደበዝዛል። ስለዚህ የመቅኒ ስካን ወይም ኤምአርአይ ቢጨመር፣ የደም ምርመራ ቢታዘዝ ወይም በመርፌ ከአጥንቱ ናሙና ቢወሰድ «ገንዘባችንን ሊበሉ ነው» አትበሉ።

ትኩሳት ግን የስካን ቀጠሮ አይጠብቅም። ጣፊያቸው ስለሚደክም የእነዚህ ልጆች ሰውነት ጀርም መከላከል ያቅተዋል። ሙቀቱ 38.5 ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ያበጠውን እግር ወጌሻ ዘንድ አትውሰዱ፤ አትሹት፤ በረዶም አትያዙበት። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን እጅና እግሩ በአንድ ጊዜ ካበጠ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ጠይቁለት።

እዚህ አገር ላላችሁ፦ የኑክሌር ሕክምና ክፍል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ቴክኒሺየም በቶሎ ስለሚያልቅ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም፤ የሚቀዳበት መሣሪያም በየሳምንቱ ገደማ በአዲስ መተካት አለበት። ስለዚህ ከሩቅ የምትመጡ ልጁን ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት መድኃኒቱ መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ።