ቁጥሩ የማን ነው?

ካፋ ውስጥ፣ ዋጫ ላይ ማር አጣርቼ፣ አሽጌ የምሸጥ ሰው ነኝ። ከጨና ወረዳ ቀበሌዎች በበቅሎና በሞተር ሳይክል የሚመጣውን ጥሬ ማር እረከባለሁ፤ ሰሙን ከማሩ ለይቼ፣ አጥልዬ፣ አስተኝቼ፣ በዕቃ ሞልቼ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ሥራዬ ትንሽ ናት፤ አንድ ክፍል፣ ጥቂት በርሜሎች፣ ጥቂት ሠራተኞች። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም ከአንድ ወረቀት ይጀምራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በብርዱ ወራት ማሩ በርሜል ውስጥ ረጋብኝ። የረጋ ማር አይቀዳም። ስለዚህ በውሃ ላይ ጥጄ አሞቅሁት። ሙቀቱን የለካሁት በጣቴ ነው፤ እናቴ እንዲያ ነበር የምታደርገው፣ አያቴም እንዲያ። ለቤት ጠጅ ለሚሆን ማር ጣት ይበቃ ነበር። ማሩን ሞልቼ አዲስ አበባ ላክሁት። ገዢው አስመርምሮት ኖሮ ሙሉውን መለሰልኝ። ከማሩ ጋር አንድ ወረቀት መጣ፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥሮች ነበሩ። ኤች ኤም ኤፍ የሚባለው፣ ማር ሲሞቅና ሲያረጅ የሚጨምረው ውህድ፣ ከሚፈቀደው በላይ ሆኗል ይላል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በኪሎ ከ40 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር እስከ 80 ይፈቅዳል። የኔ ማር ይህንንም አልፎ ነበር።

እኔ ነኝ ያቃጠልኩት? መንገድ ላይ በጭነት መኪና ጀርባ ፀሐይ መትቶት ነው? ወይስ ከአንዱ አናቢ የገዛሁት ማር ድሮውኑ የቆየ ነበር? አላውቅም። የትኛው በርሜል ውስጥ የማን ማር እንደገባ አልጻፍኩም። ስንት ዲግሪ እንደሞቀ አልለካሁም። ሰውዬው በቁጥር ሲናገረኝ እኔ የምመልስለት ቁጥር አልነበረኝም። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ፤ በሚቀጥለው ዙር ዋጋውን ዝቅ ሲያደርግብኝም ዝም አልኩ። በዚያን ሌሊት አንድ ነገር ገባኝ፦ ለክቶ የመጣ ሰው ያልለካውን ያዝዘዋል።

በገዢው አልተቆጣሁም። ሰውዬው ሥራውን ሠርቷል። የተቆጣሁት ይህን ከዚያ በፊት ማንም ሳይነግረኝ በመቅረቱ ነው። ስለ ዲጂታል የሚያወራ ሰው ጠፍቶ አይደለምና።

አንድ ጊዜ ለሥልጠና ተጠራሁ። ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ባነር። ከፊታችን የቆመው ወጣት ስለ ክላውድ፣ ስለ ኢ-ኮሜርስ፣ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተናገረ። አጠገቤ የእንጨትና ብረታ ብረት ሠራተኞች፣ ኮረሪማና ቅመም ፈጭተው የሚያሽጉ ሴቶች፣ ብሎኬት የሚያመርቱ ልጆች ተቀምጠዋል። ከመሃላችን አንዱን እንኳ «በወር ስንት ታመርታለህ? አንዱን ለመሥራት ስንት ታወጣለህ? ስንቱ ይበላሽብሃል?» ብሎ የጠየቀ የለም። መብራት ጠፋ፣ ፕሮጀክተሩ ቆመ፣ ምሳ በላን፣ ለአበል ፈረምን፣ ፎቶ ተነሣን። እዚያ የፈረምኩበት ወረቀት ሪፖርት ሆኖ ወደ ላይ ወጥቷል። ያ ሪፖርት ውሸት ነው። በፊርማችን የተሠራ ውሸት ስለሆነ እኛም የኃላፊነት ድርሻ አለብን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉታል አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ሀብት።

መንግሥት ዕቅድ የለውም አልልም። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ሲጸድቅ አራት መንገዶችን አስቀምጦ ነበር፤ ከአራቱ አንዱ አምራች ኢንዱስትሪው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለኔም ጠቅሞኛል፤ ጅማ ያለ ደንበኛ ገንዘቡን በደቂቃ ይልክልኛል፣ ባንክ ቤት ተሰልፌ ቀን አላቃጥልም። ይህን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ገንዘብ በስልክ መቀበልና በስልክ ማምረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እስከ ዛሬ ወደኛ የመጣው ዲጂታል የሚከፈለውን የሚቆጥር፣ የሚሰበሰበውን የሚመዘግብ ነው። ደጄ ላይ ቆሞ የሚወጣውን ያያል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ማጥለያዬን፣ በርሜሌን፣ የሚባክነውን ማሬን አላየልኝም።

እዚያ ውስጥ የገባሁት እኔው ነኝ፤ በሦስት ዕቃ ገባሁ። የመጀመሪያው ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው፤ በትንሽ ባትሪ ይሠራል። ማር ሳሞቅ ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ ዓይኔ ከሱ አይነቀልም። ሁለተኛው ሪፍራክቶሜትር ነው፤ መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ ማር ሲያኖሩበት በማሩ ውስጥ ያለውን ውሃ በመቶኛ ይናገራል። ከ20 በመቶ በላይ ውሃ ያለው ማር ይቦካል፤ ደረጃውም ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ሦስተኛው ዲጂታል ሚዛን ነው። ከዚያ በኋላ በያዝኩት ስልክ ላይ ሠንጠረዥ ከፈትኩ፦ ቀን፣ የአናቢው ስም፣ ቀበሌ፣ ጥሬው ኪሎ፣ የውሃው መቶኛ፣ ተጣርቶ የወጣው ንጹህ ማር፣ የወጣው ሰም፣ የገባበት በርሜል ቁጥር። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኔትወርክ ጠፍቶ በሚውልበት ቀንም ሠንጠረዡ ይሞላል።

ሁለት ወቅት ሳልሞላ ሠንጠረዡ የማላውቀውን የራሴን ቤት አሳየኝ። አንዱ ሰው ካመጣው ጥሬ ማር ብዙ ንጹህ ማር ይወጣል፤ የሌላው ግማሹ ሰም፣ እጭና ቆሻሻ ነው። እኔ ግን ለሁለቱም አንድ ዋጋ ስከፍል ኖሬያለሁ፤ ጠንቃቃውን አናቢ እየበደልኩ፣ ግዴለሹን እየሸለምኩ። በጣም የምመካበት ትንሹ ዕቃ ደግሞ አክሳሪዬ ነበር፤ ዕቃው፣ ክዳኑና ወረቀቱ ትርፌን በሙሉ ይበሉታል። ይህን ስንት ዓመት ሳላውቅ ስደክም እንደኖርኩ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ዋጋውን በመለኪያ ማድረግ ስጀምር አናቢዎቹ ተለወጡ። ንቦቹ የማሩን እንጀራ ሳይከድኑት መቁረጥ ውሃ የበዛበት ማር ያመጣል፤ አሁን እስኪከደን የሚታገሡት በዙ። በሌሊት ገመድ ይዘው ረጅም ዛፍ ላይ ሲወጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አባት አሉ። ጠብታቸውን መስታወቱ ላይ አኑሬ ቁጥሩን ሳሳያቸው ጎንበስ ብለው ደጋግመው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄማ ይመሰክርልኛል» አሉኝ። እኔን ስለዲጂታል ያስተማረኝ አዳራሹ ሳይሆን ይህ ቃል ነው። ቁጥር ለድሃ ምስክር ነው። ምስክር የሌለው ሰው ደላላ ያለውን ዋጋ ይቀበላል።

«መጀመሪያ መብራት ይስተካከል፣ ኔትወርክ ይስተካከል» የሚሉኝ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ እውነቱንም እንናገር። የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል ተብሎ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ዋዜማ ተመርቋል፤ በገዛ ክልላችንም የኮይሻ የኃይል ማመንጫ ግድብ እየተገነባ ነው። ይህን ሁሉ ኃይል የምታመነጭ አገር ውስጥ የዋጫ ብየዳ ቤት በሥራ መሃል ብረቱን ጥሎ የሚቀመጥ ከሆነ፣ የማከፋፈያው መስመር የተረሳ ጉዳይ ነውና ተጠያቂ ይፈለግለት። ግን መብራት በሌለበትም የሚጀመር ሥራ አለ። ባትሪና እርሳስ የሚበቃው ሥራ አለ። እሱን ሳንሠራ መብራትን ማመካኘት ስንፍናችንን መሸፈን ነው።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ለትንሽ አምራች ተብለው የሚመጡት የሂሳብና የክምችት ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ቅመም የምትፈጨው እህቴ አማርኛ ታነባለች፣ ካፊ ኖኖ ትናገራለች፤ ሂሳብ በቃሏ ትሠራለች፣ አትሳሳትም። ያልገባት ሂሳቡ ሳይሆን ባዕዱ ቃል ነው። አምራቹ በማያነበው ቋንቋ የተሠራ መሣሪያ እያመጡ «ሕዝቡ ቴክኖሎጂ አይወድም» ማለት ነውር ነው። ቦንጋ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ መመረቂያ ሥራቸውን ዋጫ መጥተው፣ ከሠራተኛው ጋር ተቀምጠው፣ በእኛ ቋንቋ ቢሠሩት የማይጠቅመው ማንን ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ መራራው ይህ ነው። ብዙዎቻችን የማንጽፈው ስለማንችል ሳይሆን ስለምንፈራ ነው። «ከጻፍኩት ግብር ሰብሳቢው ያየዋል» እንላለን። አንዳንዱ ሁለት ደብተር ይይዛል፤ ብዙው ምንም አይይዝም። በግምት የሚጣል ግብር ያስመረራቸውን ሰዎች አውቃለሁ፤ ምሬታቸውም የኔ ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ግምቱን የምንከራከረው ምን ይዘን ነው? ለብድር ስንሄድ የምናሳየው ምንድን ነው? ከመንግሥት ለመደበቅ ብለን ቁጥራችንን ከራሳችን ደበቅነው። የግብር ቢሮውም ይስማ፦ መዝግቦ የመጣውን አምራች ካልመዘገበው የባሰ የምትቀጡት ከሆነ፣ በእጃችሁ ደብተሩን እያቃጠላችሁት ነው።

ነገሩ ከአንድ ማር ቤት ያልፋል። ጎረቤታችን ቡና ምን እንደገጠመው እንይ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ቡና የተመረተበት ማሳ በካርታ ላይ ያለበት ነጥብ ካልተገለጸ ገበያው አይቀበለውም። ሕጉ ተግባር ላይ የሚውልበት ቀን ቢገፋም መንገዱ አይመለስም። የማሳውን ነጥብ በስልክ እየለካ የሚዞር ሰው በየደኑ ይታያል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ያ ነጥብ ሲመዘገብ ገበሬው ቅጂው ይደርሰዋል? ወይስ የማሳው ቁጥር የላኪው ንብረት ሆኖ ይቀራል? ዛሬ ማር በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። ነገ ግን የኛንም የሚጠይቅ ይመጣል፤ ያኔ ቁጥሩ በእጃችን ካልተገኘ የሚናገርልን ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

መመዝገብ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ኮቦ የሚባል ልማድ አለ፤ የትኛው የደን ክፍል፣ የትኛው የቀፎ ዛፍ የማን እንደሆነ ያለ ካርታ፣ ያለ ወረቀት ይታወቃል። አባቶቻችን ደኑን በልባቸው መዝግበው ጠብቀውታል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው እነሱ ያቆዩትን ነው። ያን እውቀት ወደ ሠንጠረዥ ማስገባት የነሱን ሥራ መቀጠል ነው። በማሸጊያዬ ላይ የበርሜል ቁጥርና ስልክ የሚያነበው ኮድ ቢኖር፣ አዲስ አበባ ያለ ገዢ ማሩ ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ ያያል። በስኳር የተበረዘ ማር ላይ «የካፋ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ይህን ማሳየት አይችልም። ስማችንን የምናስጠብቀው እንዲህ ነው።

ከቢሮዎቻችን የምጠይቀው ጥቂት ነው። ለአንድ ቀን አዳራሽ የምታወጡትን ገንዘብ ለየወርክሾፑ አንድ መለኪያና አንድ ወር አብሮ የሚቀመጥ ወጣት አድርጉት። ሪፖርታችሁ ላይ የሠለጠነውን ሰው ቁጥር ተዉትና፣ የቀነሰውን ብክነትና የጨመረውን ምርት ጻፉ። የተመዘገበው መረጃ ቅጂ በአምራቹ እጅ ይቅር፤ ይህ በውል ይጻፍ።

ከእናንተ፣ ከሥራ ጓደኞቼ፣ ከአናጢውም፣ ከብየዳ ሠራተኛውም፣ ቅመም ከምታሽጉት እህቶቼም የምለምነው ከዚህ ያነሰ ነው። መብራቱን፣ ሥልጠናውን፣ ማሽኑን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ሱቃችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተበላሸ። ነገም ጻፉ። ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በደብተሩ። እኔ ጣቴን አምኜ አንድ ሙሉ ጭነት ማር ተመለሰብኝ። እናንተ ያን ዋጋ አትክፈሉ።