የፈረቃ ማስታወቂያና የገጹ ባለቤት ዋስትና

ጉደር ስሟን ካወረሳት ወንዝ አጠገብ፣ ከአምቦ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ስትሆን፣ እግሩ አንድ ጊዜ እንኳ ያልረገጣት ብዙ ኢትዮጵያዊ ስሟን በቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ አንብቦታል፤ ጎረቤቷ አምቦም ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ እየታሸገ በሚሸጠው የማዕድን ውሃዋ ምክንያት፣ ከተማይቱን በሐሳቡም ያላመጣት መንገደኛ ምግብ ቤት ተቀምጦ ስሟን ይጠራል። የአገር ስም ለሸቀጥ ሲዋስ፣ ሸቀጡ ሲመሰገን ስሙ አብሮ እንደሚመሰገን፣ ሸቀጡ ሲነቀፍም ስሙ ከነቀፋው እንደማይድን የዚህ አካባቢ ሕዝብ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ዛሬ ግን ስምን ማዋስ የወይን ፋብሪካና የውሃ ኩባንያ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ፣ በገዛ ስሙ ድረ ገጽ ከፍቶ ስለ እርሻም ሆነ ስለ ታሪክ፣ ስለ ትምህርትም ሆነ ስለ ጉዞ የሚጽፍ አንድ ወጣት ሁሉ በየዕለቱ የሚፈጽመው ተግባር ሆኗልና፣ ተግባሩን በሥርዓት ልንመረምረው ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የገጹ ባለቤት ከአንድ ነጋዴ ጋር ይዋዋልና የራሱ መለያ ቁጥር ያለበት ሊንክ ይቀበላል፤ አንባቢው በዚያ ሊንክ በኩል ሄዶ ዕቃ የገዛ እንደሆነ፣ ነጋዴው ቁጥሩን አይቶ ለባለገጹ ከሽያጩ የተወሰነ ድርሻ ይከፍላል፤ ይህም አፊሊየት ተብሎ ይጠራል። አማዞን ይህን ሥርዓት ለሁሉ የከፈተው በ1988 ዓ.ም. ክረምት፣ የመጀመሪያው ባነር ማስታወቂያ በአሜሪካ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ከታየ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነበር። ነገሩ በመሠረቱ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን ደላላንና የኮሚሽን ወኪልን ለይቶ ደንግጎላቸው ነበር። አዲስ የሆነው የማስታወቂያዎቹ መፈራረቅ ነው፤ ባለገጹ ዐሥር ወይም ሃያ ማስታወቂያ በአንድ ሥፍራ ያከማችና፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንዱ በዕጣ ወይም በተራ እንዲወጣ አዝዞ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል።

ፈረቃው በራሱ ክፉ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚቆም ማስታወቂያ ዓይን ይለምደውና ከማየት ያልፈዋል፤ ደግሞም ቦታው ጠባብ ሲሆን ብዙ ማስታወቂያ ደርድሮ አንባቢን ከማስጨነቅ፣ በተለይም በሞባይል ጥቅል በሜጋባይት ቆጥሮ የሚያነብን ሰው ገንዘብ ከመጨረስ፣ አንዱን ባንዱ መተካት ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ብዙ ባለገጾች ከፈረቃው ጋር ኃላፊነታቸውም የተፈራረቀ፣ ማስታወቂያውን ያወጣው መሣሪያው እንጂ እነርሱ ያልሆኑ ይመስላቸዋል፤ ይህን መጣጥፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ስሕተት ነው። በደብር ካህናቱ በሰሞን እየተፈራረቁ ይቀድሳሉ፤ ሰሞነኛው ቢለዋወጥም ግን አለቃው ያው አለቃ ነው፤ በየሳምንቱ ወደ መቅደስ የሚገባውን ማወቅና ስለ እርሱ መልስ መስጠት የእርሱ ፈንታ ነው። በድረ ገጽም ላይ የሚፈራረቀው ማስታወቂያው ነው እንጂ ዋሱ አይደለም። አንባቢው የሚያምነው ሩቅ ያለውን ነጋዴ ሳይሆን ጽሑፉን ሲያነብለት የኖረውን ጸሐፊ ነውና፣ ዕቃው ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የሚጠይቀው ሌላ ማንንም አይሆንም።

ከዚህ ግዴታ ውጭ፣ ብዛቱ ለባለገጹ ለራሱም እንደማይጠቅም ሒሳቡ ያስረዳል። በወር ሦስት ሺህ ጊዜ የሚከፈት ገጽ ያለው ሰው ሃያ ማስታወቂያ ቢያፈራርቅ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 150 እይታ ነው፤ ከመቶው አንድ ሰው ሊንኩን ቢነካ እንኳ በወር አንድ ወይም ሁለት ጠቅታ ይሆናል፤ ከዚህም ተነሥቶ የትኛው ማስታወቂያ እንደሚሻል፣ የትኛው መነሣት እንዳለበት ለመፍረድ ዓመታት ይፈጃሉ። በሦስት ማስታወቂያ ቢወሰን ግን ለእያንዳንዱ አንድ ሺህ እይታ ይደርሰዋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ዓይን ያለው ፍርድ መስጠት ይቻላል። በዚህ ላይ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ አንድ ጊዜ የተዘጋጀው ቅጂ ለሁሉ የሚቀርብበት አሠራር ካለ፣ ፈረቃው በቦታው ይቆምና አንዱ ማስታወቂያ ብቻ ሲታይ ይሰነብታል፤ ባለገጹም ቁጥሩን አይቶ «ይኸኛው ተወደደ» ብሎ ይስታል። አማዞንም ቢሆን በመደበኛው ደንቡ ድርሻ የሚሰጠው ሊንኩ ከተነካ በኋላ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ወደ ቅርጫት ስለገባ ዕቃ ነውና፣ ጠቅታ ሁሉ ገንዘብ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ማስታወቂያው የሚወጣው ለማን ነው የሚለው ነው። በጉደር ተቀምጦ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ሰው አንባብያን በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወገን በአምቦ፣ በጀልዱ፣ በባኮ ያለው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ የሌለው ነው፤ ሁለተኛው በሚኒያፖሊስና በዋሽንግተን ያለው፣ የአገሩን ወሬ ናፍቆ የሚያነበው ነው። ለመጀመሪያው ወገን የአማዞንን መጽሐፍና የኮምፒውተር ዕቃ ማሳየት ገንዘብ የማያመጣ ብቻ ሳይሆን፣ ሊገዛው የማይችለውን በከንቱ ማስመኘት ነው። ስለዚህ ፈረቃው በዕጣ ከሚሆን ይልቅ አንባቢው ባለበት አገር እንዲለይ ማድረግ ይሻላል፤ ይህን የሚፈቅዱ መሣሪያዎችም አሉ። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ እውነት ይገጥመናል፤ ለአገር ውስጡ አንባቢ በሊንክ ድርሻ ለመክፈል እጃቸውን ቶሎ የሚዘረጉት ብዙውን ጊዜ የስፖርት ውርርድ ቤቶችና በአጭር ጊዜ ብልጽግናን የሚሰብኩ የክሪፕቶና የፎሬክስ ጠሪዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ሐምስተር ኮምባት የተባለው ጨዋታ በቴሌግራም በኩል አገሩን ሲያዳርስ፣ የስንቱ የተከበረ ገጽና ቻናል ባለቤት የመጋበዣ ሊንኩን በጽሑፉ ግርጌ ሰክቶ ነበር! የጨዋታው ዲጂታል ሳንቲም በመስከረም 2017 ዓ.ም. ለገበያ ሲወጣ ወራት ሙሉ ስልኩን ሲነካካ የከረመው ወጣት ያገኘው ከድካሙ ጋር የማይመጣጠን ነበር፤ ያም ወጣት ያማረረው የጨዋታውን ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን፣ «ግባበት» ያለውን የሚያውቀውን ሰው ጭምር ነው።

ፈረቃ ያለ ጠባቂ ሲቀርም አደጋው ሌላ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል ኢንተርኔት በአገሪቱ ሲቋረጥ፣ በምዕራብ ሸዋም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያለ ባለገጽ የገዛ ገጹን ማየት ተስኖት ነበር፤ ገጹ ግን በውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ለውጭ አንባብያን ሲከፈት፣ ማስታወቂያውም እየዞረ ሲወጣ ሰንብቷል። ሕዝብ በኀዘን ላይ ባለበት ጊዜ ከኀዘን ዜና አጠገብ የርካሽ ሸቀጥ ጥሪ እየተፈራረቀ መታየት የሚችል መሆኑን ያሰበ ሰው፣ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ካልተመለከተው ፈረቃው በራሱ የሚቆምበትን ቀን አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል። ኩባንያዎች ይዘጋሉ፣ ሊንኮች ይሞታሉ፣ የሞተ ኩባንያ አድራሻ በሌላ ሰው ተገዝቶ የሐሰት ገበያ ይሆናል፤ ባለገጹ ተኝቶ ሳለ አሮጌው ማስታወቂያ ወደዚያ ይመራል።

ሕጉም ዝም አላለም። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ማስታወቂያ ከፕሮግራም በግልጽ እንዲለይ ያዝዝ ነበር፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በብሮድካስት ማስተዋወቅን አግዷልና፣ የጉደርን ስም የተሸከመው ወይን ጠጅ እንኳ በሬዲዮ ሊመሰገን አይችልም። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በግል ገጽ የሚጽፍ ሰው ከነጋዴው ጋር ያለውን የጥቅም ግንኙነት እንዲገልጽ በመመሪያው አስታውቋል፤ ጉግልም በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ ለተከፈለባቸው ሊንኮች የተለየ ምልክት አበጅቷል። እነዚህን ድንጋጌዎች ሁሉ ባናውቅ እንኳ፣ «ከዚህ ሊንክ ከገዙ እኔ ድርሻ አገኛለሁ» የምትለውን አንዲት ዐረፍተ ነገር ከማስታወቂያው በላይ መጻፍ ለጸሐፊው አያሳፍረውም፤ የሚያሳፍረው ሳይነግሩ መብላት ነው። አንባቢውን የሚያጠምደው ምክር መስሎ የገባው ያልተነገረ ጥቅም ነውና።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ አነስተኛ የግል ገጽ ያለው ሰው ሄዶ ሊያየው፣ ገዝቶ ሊፈትነው ወይም ባለቤቱን በአካል ሊጠይቀው የማይችለውን ነገር በፈረቃው ውስጥ አያስገባ። ይህ ግን በባለገጹ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በዐሥር ብር የሚቆጠር ድርሻ እንኳ ያለ ውጭ ምንዛሪ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው የአምቦ ዩኒቨርሲቲም ድረ ገጽ መሥራት የሚችሉ ተማሪዎችን ያወጣል። የጎደለው ከፋዩ ነጋዴ ነው። የአምቦ የፍል ውሃ ሆቴሎች፣ በጉደር ሽንኩርትና ድንች የምታመርቱ ማኅበራት፣ የጤፍ ነጋዴዎችና የመጽሐፍ መደብሮች ሆይ፦ ለውርርድ ቤቱ የተተወውን ቦታ ተሻሙት፤ በገጹ በኩል ለሚመጣላችሁ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትንሽ ድርሻ በጽሑፍ ውል ቍረጡና ልጆቻችሁን ጥሯቸው። እናንተም ባለገጾች፣ ከሚመጣው ሳምንት በፊት በፈረቃችሁ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሊንክ በእጃችሁ ክፈቱና እዩ፤ ለወንድማችሁ የማትመክሩትን አውጡት።