ከቀለሙ በፊት አሸንዳው

እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር የመንገድ ዳር አጥር መቀባት በከተሞቻችን የተለመደ ነው። ጂንካም ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት አንዷ ከሆነች ወዲህ እንግዳ አይጠፋባትም። የቀበሌ ቤት ግን መታየት ያለበት ከፊቱ ሳይሆን ከእግሩ ነው። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ዝናቡን ግድግዳው ሥር ያወርደዋል፤ የረጠበው ምርጊት ይረግፋል፣ ማገሩ ይገለጣል፣ ምስጥ ይከተላል። በልግ በሚበረታበት ደቡብ ኦሞ ይህን ለማየት ብዙ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

የቀበሌ ቤቶች የእድሳት ችግር የቆየ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩትን ለቀበሌ ማኅበራት ሰጠ፤ ኪራዩንም ቀነሰ። ድሃውን መታደጉ አይካድም። በዚያ ኪራይ ግን ዛሬ ቤት ማደስ ቀርቶ ምስማር መግዛትም ያስቸግራል። ተከራዩም «ነገ ልቀቅ ብባልስ?» እያለ ከኪሱ ለማውጣት ይሰጋል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ቤቶቹን ሲገመግም አሸንዳውንና የግድግዳውን ሥር አስቀድሞ ይመዝግብ። በራሱ ወጪ ላደሰ ተከራይም፣ ያለ ምትክ ቤት እንደማይነሣ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ይስጠው። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።